ገጀራውን ማን ሳለው?

በመጽሐፈ መሳፍንት በ12ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ ያልሰማ ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። የገለዓድ ሰዎች የኤፍሬምን ወገን ድል ካደረጉ በኋላ የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ፤ ሸሽቶ የመጣውንም ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር። ኤፍሬማዊው ምላሱ አልታዘዝ ብሎት «ሲቦሌት» ያለ እንደ ሆነ ይዘው በዚያው በመሻገሪያው ያርዱት ነበር። መጽሐፉ በዚያ ጊዜ 42 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ይናገራል። እኔ ይህን በልጅነቴ ሳነብ እደነግጥ ነበር፤ ግን ቶሎ እጽናና ነበር። ይህ የጥንት ሰዎች ጭካኔ ነው፤ ጋዜጣና ትምህርት ቤት፣ ሚኒስቴርና ፍርድ ቤት ባልነበረበት ዘመን የተደረገ ነው፤ የተማረ ሰው ባለበት አገር እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም እያልሁ ነበር የምጽናናው።

ካደግሁ በኋላ ያንኑ የወንዝ መሻገሪያ በሌላ ስፍራ፣ ጋዜጣና ትምህርት ቤት፣ ሚኒስቴርና ፍርድ ቤት ባለበት አገር አገኘሁት። ዘመኑም በፈረንጅ አቆጣጠር 1937 ነው። (ከዚህ በታች ያለ ሌላ ምልክት የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በካሪቢያን ባሕር ላይ ሂስፓኒዮላ የምትባል ደሴት አለች። ምዕራቧን ሃይቲ፣ ምሥራቋን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተካፍለዋታል። የሃይቲ ሕዝብ ከባርነት በገዛ ክንዱ ተላቆ ነፃነቱን በ1804 ያወጀ ነው። ከ1822 እስከ 1844 ድረስም ምሥራቁን የደሴቲቱን ክፍል ገዝቶ ነበርና ዶሚኒካኖች የነፃነት ቀን ብለው የሚያከብሩት ከስፔን የተለዩበትን ሳይሆን ከሃይቲ የተለዩበትን ቀን ነው። ቂም አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ነገር ግን የመቶ ዓመት ቂም ብቻውን ተነሥቶ ሰው አይገድልም። የሚቀሰቅሰው ይፈልጋል።

በሰሜን በኩል ሁለቱን አገሮች የሚለየው ወንዝ ማሳክር ይባላል፤ እልቂት ማለት ነው። ስሙ እንኳ ከዚህ ከምናወራው ነገር በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ቅኝ ገዥዎች እርስ በርሳቸው ሲፋጁበት የወጣለት ነው። በአንድ ዳር ዳሃቦን፣ በሌላው ዳር ዋናሜንት የሚባሉ ከተሞች ፊት ለፊት ይተያያሉ። የድንበሩ መስመር በ1929 በውል ተወሰነ፤ በ1936 ደግሞ እንደገና ተስተካከለ። ባላገሩ ግን ከውሉ በፊት በዚያ ነበረ። ከሃይቲ የሚወለደው ድኻ ገበሬ በምሥራቁ ወገን ጥቂት መሬት አልምቶ፣ ቡና ተክሎ፣ አንድ ሁለት ከብት አስሮ ይኖር ነበር። ከዶሚኒካን ጎረቤቱ ጋር ይጋባል፣ ክርስትና ይነሣሣል፣ በሁለቱም ቋንቋ ይነጋገራል፤ በገበያም የሃይቲን ገንዘብ ይቀባበላል። ወንዙን ተሻግረው ተምረው ማታ የሚመለሱ ልጆችም ነበሩ። ብዙዎቹ በዚያው በዶሚኒካን ምድር የተወለዱ ናቸው፤ የአገሩም ሕገ መንግሥት በምድሩ ላይ የተወለደውን ሁሉ ዜጋ ያደርገው ነበር። ለእነርሱ ድንበር ማለት ሌላ ሰው በወረቀት ላይ ያሰመረው፣ እነርሱም ልብስ የሚያጥቡበት ውሃ ነበር።

የዶሚኒካን ገዥ በዚያን ጊዜ ራፋኤል ትሩሂዮ ነው። በ1930 ሥልጣን ይዞ፣ በ1936 ጥንታዊቱን ዋና ከተማ ሳንቶ ዶሚንጎን በገዛ ስሙ ያስጠራ ወታደር ነው። የእናቱ እናት ወገን ከሃይቲ የሚወለድ ሲሆን እርሱ ግን መልኩን ለማንጣት ፊቱን ዱቄት ይቀባ ነበር ይባላል። ኦክቶበር 2 ቀን 1937፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ በዳሃቦን ለክብሩ በተደረገ ግብዣ ላይ ተነሥቶ ተናገረ። ሃይቲዎች ከብትና እህል እየሰረቁ ባላገሩን አስመረሩት የሚል ስሞታ እንደ ደረሰው፣ መድኃኒቱንም መስጠት እንደ ጀመረ፣ በአንድ ስፍራ 300 ሃይቲዎች እንደ ሞቱ፣ ይህም ሥራ እንደሚቀጥል ለተጋባዦቹ አስታወቀ። ይህን ያለው በማዕድ ላይ ነው።

ሥራውም ቀጠለ። በጥቂት ቀን ውስጥ ከዚያ አውራጃ የሃይቲ ተወላጅ ድኻ ተመነጠረ። ወታደሩ ጠመንጃ ነበረው፤ የታዘዘው ግን በአብዛኛው በገጀራ እንዲሠራ ነው። ምክንያቱን ልብ በሉ። ጥይት የመንግሥት ነው፤ ገጀራ ግን የባላገር ነው። ሬሳው ላይ የገጀራ ቁስል የተገኘ እንደ ሆነ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለም፤ ከብቱን የተሰረቀ ገበሬ ተቆጥቶ ያደረገው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ግድያው ገና ሳይጀመር ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር። የዳሃቦንን ድልድይ ዘጉት፤ ሸሽቶ የመጣውም በወንዙ ዳር ተያዘ። ሴትና ሕፃን አልተለየም። የሞተውን ማንም አልቆጠረውም፤ ቁጥሩን ከጥቂት ሺህ እስከ 20 ሺህና ከዚያም በላይ የሚያደርሱት አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 15 ሺህ ያህል የሚለው ግምት ነው።

የመሳፍንቱን ታሪክ ያስታወሰኝ እንግዲህ ይህ ነው። ወታደሩ ለወጥ የሚሆን አንድ አረንጓዴ ቅጠል አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ይባላል። በስፓኝ ቋንቋ «ፔሬኺል» ነው። የሃይቲ ቋንቋ የሚናገር ሰው በመካከል ያለችውን «ረ» እንደ ስፓኞቹ ማንከባለል ይቸግረዋል። ያልቻለ ሞተ። ዓለም ይህን ታሪክ ወደደው፤ እልቂቱንም በቅጠሉ ስም ጠራው።

እኔ ግን በዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ይህ ታሪክ ከሚገባው በላይ ተወርቷል። ጠልቀው የመረመሩ ሰዎች እንደ ጻፉት፣ በድንበሩ ላይ ተወልዶ ያደገው የሃይቲ ልጅ ስፓኝኛን ከጎረቤቱ እኩል ይናገር ነበር፤ «ፔሬኺል»ንም ይል ነበር። ቢልም አልዳነም። ገዳዩ ጥያቄውን የጠየቀው ለማወቅ አይደለም፤ ማን ማን እንደ ሆነ የሰፈሩ ሹም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ጥያቄው የተጠየቀው ግድያው ፈተና እንዲመስል ነው። ፈተና ካለ የወደቀ አለ፤ የወደቀ ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው። ጥፋት ባልተገኘበት ድኻ ላይ እንዲህ ያለ የይምሰል ፈተና ያቆመ መንግሥት ሁሉ ውሳኔውን ከጥያቄው በፊት ጽፎ ጨርሷል።

አንዳንድ ሰዎች ትሩሂዮ እብድ ነበር፤ የአንድ እብድ ሥራ ነው ብለው ነገሩን ሊዘጉት ይወዳሉ። ይህ ለሰሚው ደስ ይላል፤ ምክንያቱም እብዱ በ1961 ተገድሏልና ነገሩም አብሮት ተቀበረ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሁሉ ሕዝብ በገጀራ ሊገድል አይችልም፤ ክንዱ ይዝላል። ብዙ ክንድ ያስፈልጋል። ብዙ ክንድ ደግሞ አንድ ዓይነት ሐሳብ ካልተሰጠው አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ሐሳቡን የሰጠው ማን ነው? ወታደሩ አይደለም፤ አብዛኛው ወታደር ማንበብ እንኳ የማይችል የድኻ ልጅ ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሐሳቡን የሰጡት እንደ አንተ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ናቸው።

ከእልቂቱ በፊት ብዙ ዓመት በዶሚኒካን የተማሩ ሰዎች ዘንድ አንድ አነጋገር ተለምዶ ነበር፤ «ሰላማዊ ወረራ» ይሉታል። ይህን ቃል ቀስ ብላችሁ መርምሩት። ወረራ ጦር የያዘ ሰው የሚሠራው ነው፤ እዚህ ግን ወራሪ የተባለው ዶማ የያዘ ሰው ነው። ሰላማዊ ነው ካሉ ወረራ አይደለም፤ ወረራ ነው ካሉ ሰላማዊ አይደለም። ሁለቱን አጋጥሞ የጻፈው ብዕር ግን የማይገጥመውን ነገር ገጠመው። ከዚያ ወዲያ አራሹ ዘማች ሆነ፤ አራስ ሴት ደግሞ ለጠላት ጦር ምልምል የምትወልድ ሆነች። በወራሪ ላይ ገጀራ ያነሣ ሰው ነፍሰ ገዳይ አይባልም፤ አርበኛ ይባላል። ሕሊና ያለው ወታደር እንኳ እጁ ሲንቀጠቀጥ ይህች ቃል ታጸናዋለች።

እልቂቱ ካለፈ በኋላም ብዕሩ ሥራ አልፈታም። በ1942 ማኑኤል አርቱሮ ፔንያ ባትዬ የተባለ ስመ ጥር ሊቅ በድንበሩ ከተማ በኤሊያስ ፒንያ ቆሞ የመንግሥቱን የድንበር መርሕ በታላቅ የንግግር ጥበብ አሞገሰ፤ የሃይቲንም ድኻ እንደ በሽታና እንደ አደጋ አድርጎ ሣለው። ሌላው ኹዋኪን ባላጌር ነው። (ስሙ በእኛ አፍ ባላገር ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ለባላገር ያሳየው ርኅራኄ ግን የለም።) ባለቅኔና የሕግ ሰው ሲሆን እልቂቱ በተደረገ ጊዜ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሹም ነበረ። በኋላ ደጋግሞ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1983 ባሳተመው «የተገለበጠችው ደሴት» በሚለው መጽሐፉም ሃይቲ በሕዝቧ መብዛት አገሩን እንደምታሰጋ አድርጎ ያንኑ የድሮውን ወሬ በአዲስ ጥራዝ አቀረበው። ገጀራው ከዛገ 46 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሞረዱ ግን ገና ይሠራ ነበር።

መንግሥት ድንበሩን ሊጠብቅ አይገባውምን? የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይገባዋል። በድንበር በኩል ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ መጠየቅ፣ ከብት የሰረቀውንም ይዞ ለዳኛ ማቅረብ የመንግሥት ሥራ ነው። ነገር ግን ይህን የሚለኝ ሰው አንድ ነገር ያስረዳኝ። በዚያ ዘመን ከሃይቲ የመጣው ሕዝብ በድንበሩ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በስኳር እርሻዎች ላይ ሸንኮራ የሚቆርጡ እጅግ ብዙ ሃይቲዎች ነበሩ። ትላልቆቹ እርሻዎች በአብዛኛው የአሜሪካ ኩባንያዎች ነበሩ። ገጀራው እስከዚያ አጥር ድረስ መጥቶ ቆመ፤ በኩባንያ ግቢ ያሉት ሸንኮራ ቆራጮች በአብዛኛው አልተነኩም። ነገሩ የዘርና የቋንቋ ጥበቃ ከሆነ የእነዚያስ ዘርና ቋንቋ ምን ነበረ? ከብት ስርቆትም ከሆነ ሕፃን በየትኛው እጁ በሬ ነዳ? የተለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚያ የሚጠይቃቸው ጌታ ነበራቸው። ለራሱ መሬት የሚቆፍረው፣ ለማንም ያላደረው ድኻ ግን ቢሞት «ሠራተኛዬ የት ደረሰ?» የሚልለት አልነበረም። መንግሥቱ ጠላቱን አልመረጠም፤ ጠያቂ የሌለውን መረጠ።

የገዛ መንግሥታቸውስ? የሃይቲ ፕሬዚዳንት ስቴኒዮ ቬንሳን ስለ ገዛ ወንበሩ ይፈራ ነበርና ነገሩን ማድበስበስ መረጠ። በዚያው በኦክቶበር አጋማሽ ሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነታቸው እንዳልተነካ በአንድነት መግለጫ አወጡ፤ ወንዙ ግን ገና አልጠራም ነበር። ወሬው በውጭ ጋዜጦች እየወጣ ነገሩ ከተጋለጠ በኋላ ብቻ በጃንዋሪ 1938 በዋሽንግተን ስምምነት ተፈረመ። የዶሚኒካን መንግሥት ጥፋቱን ሳያምን 750 ሺህ ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በድርድር ወደ 525 ሺህ ዝቅ አለለት። የሞቱት 15 ሺህ ናቸው ብንል ለአንድ ሰው 35 ዶላር ይደርሳል። ይህም ከዘመድ ወዘመድ እጅ ቢገባ ነበር፤ ለተረፉት የደረሳቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ከስድስት ወር በኋላ፣ በጁላይ 1938፣ ከሂትለር ስለሚሸሹት አይሁድ ለመመካከር በፈረንሳይ በኤቪያን ጉባኤ ተደረገ። ታላላቆቹ መንግሥታት በራቸውን ሲዘጉ እስከ 100 ሺህ ስደተኛ እቀበላለሁ ብሎ የተነሣው የትሩሂዮ መንግሥት ነበር! ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለው ተረት ይህን ለመግለጽ አይበቃም፤ ይህ ጅብ የሄደው በደንብ የሚያውቁት ዘንድ ነው፤ ቁርበቱንም አነጠፉለት። በሶሱዋ የሰፈሩት ጥቂት መቶ ስደተኞች ከሞት ድነዋልና እሰየው ነው፤ ለእነርሱ አልቀናም። ነገር ግን ትሩሂዮ ነጭ ሕዝብ ሊያበዛ በመመኘቱና ስሙን ሊያጥብ በመፈለጉ ያደረገውን ነገር ደግነት ብሎ የጻፈው ማን ነው? አሁንም ብዕር ነው።

ይህ የሩቅ ደሴት ነገር ለእኛ ምናችን ነው የምትሉ እንደ ሆነ አንድ ያለብንን ብድር ላስታውሳችሁ። ኢጣልያ አገራችንን ልትወር በተነሣችበት በ1935፣ በዤኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ብዙዎች ቃላቸውን እየመጠኑ ሲናገሩ፣ የሃይቲ መልእክተኛ ጄኔራል ኔሙር ተነሥቶ ታላቅም ሆነ ትንሽ፣ ነጭም ሆነ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ አንድ ቀን የሌላው ኢትዮጵያ ሊሆን እንደሚችል እንዳይረሳ አስጠነቀቀ። ሁለት ዓመት አልቆየም፤ የሃይቲ ድኻ የሌላው ኢትዮጵያ ሆነ። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ቀን እልቂት የተደረገው በዚያው በ1937 ነው። ከየካቲት 12 እስከ መስከረም 22 ሰባት ወር ያህል ነው። እዚህም አካፋና ጩቤ ይዘው የወጡ ነበሩ፤ እዚያም ገጀራ። እኛ የየካቲቱን በየዓመቱ እናስባለን፤ የእነዚያን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

በዚያ ሳምንት ሰው የሸሸጉ ዶሚኒካኖችም እንደ ነበሩ መርሳት ግፍ ነው። ጎረቤቱን በጎተራ የደበቀ፣ ልጅ ተቀብሎ የእኔ ነው ያለ ነበረ። አንድ ሕፃን በማርች 1937 በማኦ ከተማ አካባቢ ከሃይቲ ተወላጆች ተወልዶ ነበር፤ እልቂቱ ሲደርስ ወላጆቹ ሸሹ፤ እርሱን ግን አንድ የዶሚኒካን ገበሬ ቤተ ሰብ አሳደገው። ይህ ሕፃን ሆሴ ፍራንሲስኮ ፔንያ ጎሜስ ነው። ተምሮ የሕግ ሰው ሆነ፤ የፓርቲ መሪ ሆነ፤ ከ1982 ጀምሮም የሳንቶ ዶሚንጎ ከንቲባ ሆነ። በ1994 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ተቃዋሚው ማን ነበረ? ዓይኑ የጠፋው ሽማግሌ ባላጌር ነው። ደግሞ ያው ወሬ ተነሣ፤ ይህ ሰው ሃይቲ ነው፤ አገራችንን ለሃይቲ ሊሰጥ ነው ተባለ። በምርጫው ማጭበርበር ተደርጓል የሚለው ክስ ስለ በረታ የባላጌር ዘመን ወደ ሁለት ዓመት አጠረ፤ በ1996ም ባላጌር ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር አብሮ ፔንያ ጎሜስን አስቀረው። በሕፃንነቱ ገጀራው የሳተውን ሰው በ59 ዓመቱ ቃሉ አገኘው። ከሞተ በኋላ የዋና ከተማው አየር ማረፊያ በስሙ ተጠራ፤ የሞተን ሰው ማክበር ቀላል ነውና።

ከመካከላችሁ ነገ አንዱ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ አንዱ ጋዜጠኛ፣ አንዱ ዳኛ ይሆናል። ገጀራ የሚያስይዛችሁ አይኖርም። የሚሰጣችሁ ወረቀት ነው፤ በወረቀቱም ላይ አንዲት ቃል ትኖራለች። በሴፕቴምበር 2013 የዶሚኒካን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኞች እንዲህ ያለች ቃል አገኙ። የአገሩ ሕግ በመንገድ ላይ ካለ ሰው የሚወለድ ልጅ ዜጋ አይሆንም ይል ነበር። ዳኞቹም ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሰዎች ሁሉ፣ አርባ ዓመት ሸንኮራ የቆረጡትም ሳይቀሩ፣ መንገደኞች ናቸው፤ ስለዚህ ከ1929 ጀምሮ ከእነርሱ የተወለዱት ዜጎች አልነበሩም ብለው ፈረዱ። በዚህ ፍርድ የተነኩት፣ ብዙዎቹ ከሃይቲ የሚወለዱ፣ ከ200 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ተገምቷል። ዓለም በጮኸ ጊዜ በ2014 ለአንዳንዶቹ የሚመልስ ሕግ ወጣ፤ ብዙዎች ግን ያለ አገር ቀሩ። በኦክቶበር 2024ም መንግሥቱ በየሳምንቱ እስከ 10 ሺህ ሰው ወደ ሃይቲ እንደሚመልስ አስታወቀ።

እስቲ ዓመቱን ደምሩት። በኦገስት 1929 በዳሃቦን ወገን የተወለደ ልጅ በእልቂቱ ጊዜ የ8 ዓመት ልጅ ነበር። በቡናው ውስጥ ተኝቶ ወታደሩ ካለፈውና በሕይወት ከቆየ፣ ዳኞቹ መንገደኛ ብለው በጻፉት ቀን 84 ዓመቱ ነበር።